የማያመውን ቁስል እንፍራው (በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ሐኪሞች አይደለንም። እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና ጫማ የምንሸጥ ሰዎች ነን። ዛሬ ስለ እግር እንድንናገር ያደረገን በደጃችን ያየነው ነገር ነው።

ስኳር ካለባቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ጋሼ የምንላቸው ደንበኛ አሉን። አንድ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ውስጥ እግራቸውን አሳዩን። ከአውራ ጣታቸው ሥር የሳንቲም ያህል ቁስል አለ። «ያማል ወይ ጋሼ?» ብንላቸው፣ «ምንም አያመኝም፤ ካልሲዬ ረጥቦ ነው ያወቅሁት» አሉን። እኛም ካላመመ ቀላል ነው ብለን ካፕሱል ከፍተን ዱቄቱን ነሰነስንበት፤ በጨርቅም ጠቀለልነው። ይህን የምንናገረው በኀፍረት ነው።

ሁለት ወር እንዲሁ ከረሙ። ጣታቸው አብጦ ቀላ፤ ቁስሉም መሽተት ጀመረ። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ በቀጭን የብረት መመርመሪያ ቁስሉን ቢነካው ከሥሩ አጥንት አገኘ። ምርመራው ሲያልቅ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ መግባቱ ተነገረን። አውራ ጣታቸው ተቆረጠ፤ እግራቸው ግን ተረፈ።

ታዲያ ለምን አላመማቸውም? ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ሰውየው ጠጠር ቢረግጥም፣ ጫማ ቢልጠውም አይሰማውም። የደም ሥርም ይጠብባል፤ ደም በደንብ ያልደረሰበት ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። በእግር ጣት ላይ ከቆዳ እስከ አጥንት ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ ጀርሙ ሩቅ መንገድ አይጠብቀውም።

ሐኪሞቹ ያስረዱን ሌላም ነገር አለ። የአጥንት ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ተብለን ቁስሉ ካልዳነ ተመልሰን እንታይ። አጥንት ተነካ ማለትም ሁልጊዜ መቆረጥ ማለት አይደለም። ሳይቆረጥ በአንቲባዮቲክ ሲታከም ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሻል ሲለን ማቋረጥ የለም፤ ቁስሉን እየረገጡ መድኃኒት መዋጥም ድካም ብቻ ነው። የታመመው አጥንት ይውጣ ከተባለ ደግሞ፣ ጣት ሰጥቶ እግርን ማትረፍ ነው። ፈርተን ብንሸሽ በጣት የሚያበቃው ነገር እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን የእንግዳ እግር ማጠብ ክብር ነው። ልጆች፣ ይህን ክብር ስኳር ላለባቸው አባትና እናታችሁ አድርጉት። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን እናንተ ለኩት፣ ምክንያቱም የእነሱ እግር ላያውቀው ይችላል። በጣቶቹ መካከል አድርቁ፤ ውስጥ እግሩንና ተረከዙን በየቀኑ እዩ። ብቻውን የሚኖር በመስታወት ይይ።

በሐምሌ ብርድ እግርን ወደ ጂኮ አናስጠጋ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማ አውልቀን ስንገባ ወፍራም ካልሲ እናድርግ፤ ስንወጣ እግራችንን እንይ። ጫማ ከማጥለቃችን በፊት እናራግፈው። ጫማ ስንገዛም እግር አበጥ በሚልበት በከሰዓት በኋላ እንለካ፤ ይህን የምንለው ጫማ ሻጮች ሆነን ነው።

ቁስል ካየን፣ ባያመንም፣ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ እንሂድ። መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል፣ ሽታ፣ መጥቆር ወይም ትኩሳት ካለ ግን ነገን አንጠብቅ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጋሼ አልደበቁም ነበር፤ አሳይተውን ያዘገየናቸው እኛ ነን። ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ታሪኩን የነገርናችሁም ፈቅደውልን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቃችን ካፕሱል ተከፍቶ አያውቅም። እግሩን የሚያሳየን ሰው ቢመጣ፣ ሱቁን ዘግተን ወደ ሐኪም እናደርሰዋለን።