ጠላትን የሚቀልብ ቤት



አስር ደቂቃ ሰጥታችሁኛል፤ ስለ ማይት ላወራ ነው። አትሳቁ እንጂ! ለእኛ ማይት ማለት እከክ ላይ የተማርናት ናት፣ በቃ።

ነገሩ የጀመረው ድንገተኛ ክፍል ነው። ላብ ያጠመቀው፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ያህል የጠበበ የአበባ እርሻ ርጭት ሠራተኛ አመጡልኝ። ኦርጋኖፎስፌት። አትሮፒን ሰጠነው፣ ዳነ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው እርሻ ሌላ ሰው መጣ። በመጨረሻ ራሴ ዝዋይ ድረስ ሄድኩ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስረጫችሁ?» አልኩ። «ቀይ ሸረሪት» አሉኝ። ሸረሪት ይሏታል እንጂ ማይት ናት፤ በጽጌረዳ ቅጠል ሥር ተለጥፋ ትመጣለች። መርዙን ቶሎ ትለምደዋለች፤ እኛ በአንቲባዮቲክ የምናየው ጣጣ ማለት ነው።

የምትበላት ሌላ ማይት አለች፤ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ። በ1958 እ.ኤ.አ. ከቺሊ ወደ ጀርመን ሳይታሰብ የገባች ናት። ቁመቷ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ፣ ዓይን የላትም፣ የተጎዳ ቅጠል ጠረን ተከትላ ታድናለች። ችግሩ ከቀይ ሸረሪትና ከቅርብ ዘመዶቿ በቀር ሌላ አትበላም። ስለዚህ እሷን ለማርባት መጀመሪያ ጠላትን መቀለብ ግድ ነው።

ሦስት ቤት አላቸው። አንደኛው ንጹሕ ቦሎቄ፣ ሁለተኛው ሆን ተብሎ ቀይ ሸረሪት የተለቀቀበት ቦሎቄ፣ ሦስተኛው በላተኛዋ ያለችበት። ሦስተኛው ቤት የገባ ሰው ወደ ሁለተኛው አይመለስም፤ ጥቂት በላተኞች በልብሱ ይዞ ከገባ ቀለቡ ሁሉ ያልቃል። ልክ የኦፕሬሽን ክፍል ሥርዓት! ምግብ ካለቀባቸው ደግሞ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ከዚያ በፊት ተለቅመው ጽጌረዳው ላይ መበተን አለባቸው።

ቤቱን የምትመራው ልጅ በሩ ላይ አቆመችኝ። «ዶክተር፣ ዛሬ ርጭት ያለበት ግሪንሃውስ ገብተሻል? እንግዲያውስ ጋውንሽን ቀይሪ።» መርዝ በላተኛዋንም ይገድላላ። ለሰው ብለን ስንለምን ያልቆመው ርጭት ለማይት ሲባል ቆመ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስም አለኝ፣ አናደደኝም።

ሁሉም ርጭት ቆመ ማለቴ አይደለም። ለሻጋታው አሁንም ይረጫሉ።

ሆለታ፣ ሰበታ፣ ዝዋይ አካባቢ የምትሠሩ፣ እባካችሁ የርጭት ሠራተኛ ሲመጣላችሁ ካርዱ ላይ «መመረዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምን እንደረጨ፣ ለምን እንደረጨ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደታመመ ጻፉልኝ። በሻይ ሰዓት እዚያ መስኮቱ ጋ ነኝ።