የፍርድ ቤት ቀጠሮ ላለህ ወንድሜ



የዛሬው መልእክት ለሁላችንም ነው፤ በተለይ ግን ለአንድ ሰው ነው። ጠጥተህ ስትነዳ ፖሊስ ያስቆመህ፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የደበቅህ፣ ቀኑ እየቀረበብህ እንቅልፍ ያጣህ ወንድሜ፣ ዛሬ ከአንተ ጋር ነው የምነጋገረው። እህቴ፣ አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ። እሑድ መጥተህ ታመልካለህ። «የጸሎት ርእስ አለኝ» ትላለህ፤ ምን እንደሆነ ግን አትናገርም። «ደግሞ አማኝ ሆኖ ጠጣ» እንዳይሉህ ፈርተሃል። ፍርሃትህ ይገባኛል። ግን ፍርሃት ለቀጠሮ አያዘጋጅም።

በሉቃስ 12፥58 ጌታችን ከባላጋራው ጋር ወደ ዳኛ ስለሚሄድ ሰው ይናገራል። ዳኛው ፊት ሳይደርስ፣ ገና በመንገድ ላይ ሳለ እንዲተጋ ይመክረዋል። አየህ? ከቀጠሮው በፊት ያለው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው። አንተም ዛሬ መንገድ ላይ ነህ። ታዲያ ምን እየሠራህ ነው?

በመጀመሪያ፣ ነገሩን በስሙ ጥራው። ብዙዎቻችን በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያም ሆነ አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ፣ ጠጥቶ መንዳት ከፍለህ የምትገላገለው የትራፊክ ቲኬት አይደለም። ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ ቢሆን እስከ 12 ወር እስራት፣ ከ250 እስከ 2,500 ዶላር ቅጣትና ለአንድ ዓመት መንጃ ፈቃድ ማጣት ሊያስከትል ይችላል። በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን 0.15 ከደረሰ፣ ቢያንስ አምስት ቀን መታሰር ግዴታ ይሆናል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። «ጌታ ያውቃል» ብለህ ወረቀቱን ሳትከፍት እንዳትቀር ነው። ጌታማ ያውቃል፤ ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ። ከቀጠሮው ከቀረህ ደግሞ ዳኛው የእስር ትእዛዝ ሊያወጣብህ ይችላል፣ መቅረትህም ሌላ ክስ ሊሆንብህ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጠበቃ መያዝ እምነት ማጣት አይደለም። «እኔ የምታመነው በእግዚአብሔር ነው፣ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ወንድም አለ። ሐዋርያው ጳውሎስን እንይ። ሊገርፉት ሲያስሩት የሮም ዜጋ መሆኑን ጠቅሶ ጠየቃቸው (ሐዋ. 22፥25)። ፊስጦስ ፊት ሲቆምም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ (ሐዋ. 25፥11)። መንፈስ ቅዱስ የሞላው ሰው በሕግ መብቱ ተጠቀመ። አንተስ ለምን አትጠቀምም? ገንዘብ ከሌለህና ክሱ እስራት ሊያመጣብህ የሚችል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲመድብልህ ጠይቅ። እንግሊዝኛህ ለሱቅና ለሥራ ቢበቃም ለዳኛ ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልህ አስቀድመህ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አመልክት። በወንጀል ክስ ይህ መብትህ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅህን አስተርጓሚ አድርገህ አትውሰድ። ያንን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ አትጫን።

ዜጋ ካልሆንክ ገና ከመጀመሪያው ቀን ለጠበቃህ ንገረው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ከሆነ ጠበቃ ይህን ለደንበኛው ማሳወቅ እንዳለበት ወስኗል። ታክሲ፣ ኡበር ወይም ትልቅ መኪና የምትነዳ ከሆነም ንገረው። እንጀራህ ነውና።

ሦስተኛ፣ አማኞችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ። «ፓስተር፣ መጠጣቴን አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ‹ጥፋተኛ አይደለሁም› ብል ውሸት አይሆንብኝም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሕሊናህ እንዳልሞተ ያሳያል። በዚህ አገር ያ ቃል የሕግ መልስ ነው። «ከሳሽ ማስረጃውን ያቅርብ፣ ዳኛውም ይመዝን» ማለት ነው። ሕጉ ራሱ የሰጠህ መልስ ስለሆነ ሐሰት አይደለም። የትኛው መልስ እንደሚሻል ከጠበቃህ ጋር ምከር። ነገር ግን ቀኝ እጅህን አንሥተህ ከማልህ በኋላ «አንድም አልቀመስኩም» ካልህ፣ እሱ ውሸት ነው። ጓደኛህን «እሱ ነው የነዳው» ብሎ እንዲመሰክርልህ ከለመንህም፣ ሌላ ሰው ይዘህ ወደ ኃጢአት ገባህ። ዝም የማለት መብት አለህ፤ የመዋሸት ግን የለህም።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ወንድማችን ለዳኛው የሚቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቀን እንጻፍለት። የምናውቀውን ያህል ግን ብቻ እንጻፍ። ለስንት ዓመት እንደምናውቀው፣ ምን እንደሚያገለግል፣ አሁን ምን እርዳታ እያገኘ እንደሆነ እንግለጽ። «መጠጥ የማያውቅ ሰው ነው» ብለን በማኅተም ውሸት አንላክ።

አራተኛ፣ ከዳኛው ፊት በፊት እግዚአብሔር ፊት ቁም። ሰሎሞን በምሳሌ 28፥13 ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስራል፤ መናዘዝንና መተውን። እኛ የመጀመሪያውን በእንባ እናደርግና ሁለተኛውን እንረሳለን። «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ስትል ሰምቻለሁ። ግን ያን ሌሊት በዚያው መንገድ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለስ ነርስ ነበረች፤ ልጁን ከኋላ ያስቀመጠ አባት ነበረ። ባልንጀራህን ውደድ የተባለው ለእነርሱም ነው። ፖሊሱ ያስቆመህ ሌሊት ሰው ገድለህ ያልተመለስክበት ሌሊት ነው። እኔ ይህን ምሕረት እለዋለሁ።

እንግዲህ ያ ምሕረት በከንቱ አይቅር። መጠጥ ከያዘህ «ይዞኛል» በል። ፍርዱን ሳትጠብቅ ምክርና ሕክምና ጀምር፤ ይህን በጠበቃህ በኩል ለዳኛው ማሳየት ትችላለህ። ቨርጂኒያ ውስጥ የተፈረደበት ሰው የአልኮል ትምህርት ፕሮግራም እንዲገባ ይታዘዛል። በተወሰነ መንጃ ፈቃድ መንዳት ከተፈቀደለትም፣ ተንፍሶበት ካላለፈ ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ መኪናው ላይ ይገጠምለታል። መሣሪያው መኪናህን ያቆማል፤ ልብህን ግን አይለውጥም። ልብ የሚለውጠው ኢየሱስ ነው። እርሱ ደግሞ ፕሮግራሙንም፣ ሐኪሙንም፣ በየሳምንቱ የሚደውልልህን ወንድምም ይጠቀማል።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ በጊዜ ተነሣ። ንጹሕ ልብስ ልበስ። ወረቀቶችህን በሙሉ ያዝ። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ስልክ አያስገቡምና አስቀድመህ ጠይቅ። መኪና አንተ አትንዳ፤ ከተፈረደብህ ፈቃድህ እዚያው ሊወሰድ ይችላልና የሚወስድህና የሚመልስህ ሰው ይኑር። ዳኛው ሲናገር አታቋርጥ። ፍርዱ አላግባብ ነው ካልህ ይግባኝ የምትጠይቅበት ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው፤ እንዳያልፍህ።

እናንተስ ጉባኤዎች? ይህን ወንድም ማን ያደርሰው? ወሬውን ለማድረስ ፈጣኖች ነን እኮ! በመኪናችን እናድርሰው። አግዳሚው ላይ ከኋላው እንቀመጥ። ዳኛው ስሙን ሲጠራው ብቻውን አይነሣ።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ለባለቤትህ ንገራት። ነገ ለጠበቃ ደውል። እሑድ ደግሞ ከምታምነው አንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠህ የጸሎት ርእስህን በስሙ ተናገር።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ የፍርድ ቤት ቀን የሚጠብቀውን ልጅህን አስብ። እውነት የሚናገርበት ድፍረት ስጠው። ፍርዱ ቢቀልለትም ቢከብድበትም ከአንተ አይሽሽ። ያን ሌሊት ያተረፍኸውን ሕይወት ለአንተ ያኑረው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።