ሳንነካቸው እንንገራቸው

(በአርባ ምንጭ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንደ ወትሮው ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ ችግኝ እንድናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ዛሬ ግን ከደጃችን ስለሚቀሩ ሕፃናት እናገራለሁ፤ የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በጋሞ ዞን፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ተፈጽሞ ካህኑ ምእመናንን መስቀል ያሳልሙ ነበር። ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ አፉን ያልፈታ ልጅ ከእናቱ ጎን ቆሟል። መስቀሉ ሲቀርብለት አልተንቀሳቀሰም። እኔም ልረዳው ብዬ ከኋላው መጥቼ ክንዱን ይዤ ሳብሁት። ልጁ ጮኸ፤ መሬት ላይ ወደቀ፤ እጄን ነከሰኝ። ከሕዝቡ መካከል «መንፈስ አለበት» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰችም።

በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። አባቱ ሸማኔ ነው። ልጁ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ ተቀምጦ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ ይከታተላል። ልብ ብዬ ስመለከት ዓይኑ መወርወሪያውን እየቀደመ ወደሚደርስበት እጅ ይሄድ ነበር። የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል። የእኔን እጅ ግን ሊያውቀው አልቻለም ነበር።

ይህን ነገር ሊቃውንት መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት፣ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን የሰው እጅ ዕቃ ይዞ ሲንቀሳቀስ ሲያይ ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ዕቃው ወደሚቀመጥበት ስፍራ እንደሚደርስ አሳየ። በ2010 ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው የአምስት ዓመት ገደማ ልጆች እንዲሁ ታዩ፤ የእነርሱም ዓይን እንደ ሌሎቹ ልጆች እጁን ቀደመ። እንግዲህ በግልጽ የሚታየውንና ሥርዓት ያለውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ መገመት አላቃታቸውም።

ጭንቁ የሚመጣው ድርጊቱ በሰው ልብ ውስጥ ከተሰወረ አሳብ ሲመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር በአሻንጉሊቶች አንድ ፈተና ተደረገ። አንዷ አሻንጉሊት ብይዋን በቅርጫት አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሌላይቱ ብዩን ወደ ሣጥን ታዛውረዋለች። የመጀመሪያይቱ ስትመለስ ብይዋን ወዴት ትፈልገው ይሆን? ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ «ሣጥኑ ውስጥ» አሉ፤ ብዩ ያለበትን እንጂ እርሷ የምታስበውን አልተናገሩም። በ2009 ደግሞ ቀለል ያለ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ተፈተኑ። ሲጠየቁ በትክክል መለሱ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ሲመለከቱ ግን ዓይናቸው ሰውየው ወደሚሄድበት አልቀደመም። እኛ ሳናስብ የምናደርገው ግምት ለእነርሱ ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚያን ሚልተን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ2012 እንዳስገነዘበው፣ አለመግባባቱም ከሁለቱም ወገን ነው፤ እነርሱ የእኛን እንደማይገምቱ ሁሉ እኛም የእነርሱን አንገምትም። እኔ የልጁን ዝምታ እንቢተኝነት ብዬ ተረጎምሁት። እርሱም ከኋላው የመጣውን እጄን እንደ ጥቃት ተረዳው። ከሁለታችን ማን አብልጦ እንደተሳሳተ እናንተ ፍረዱ።

አባቶቼ፣ ይህ ጉዳይ እኛን ለይቶ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች ኦቲዝምና ሌላ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 45 ከመቶ ያህሉ በልጁ ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ሁኔታውን ለመደበቅ ጥረዋል። የሚሰማቸው መገለልም በኦርቶዶክሳውያን አሳዳጊዎች ዘንድ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ስናነብ ልንቈጣ አይገባንም፤ ልንመረመር ይገባናል። ያች እናት ነጠላዋን የተከናነበችው በእኛ መካከል ነበርና።

ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። በአእምሮ ዕድገት ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከእኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለጨንቻ ወይም ለቦንኬ እናት ቅርቧ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ልጁን ሳንነካው እንንገረው። ካህኑ ከፊቱ ቆመው፣ መስቀሉን አሳይተው፣ «አሁን በመስቀል እባርክሃለሁ» ይበሉት፤ ጥቂትም ይታገሡት። ጋሞኛ የሚሰማ ልጅ ከሆነ በጋሞኛ ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ሥርዓታችን ራሱ ይርዳው። ቅዳሴያችን ተራው የታወቀ ነው፤ ጸሎተ ዕጣኑ፣ ንባቡ፣ ስግደቱ፣ ደወሉ ቦታ ቦታ አላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ በሆነበት ሰዓት ልጁ ከእናቱ ጋር ይምጣ፤ ደወሉን ይይ፣ ከበሮውን ይዳስስ። በየሳምንቱም አንድ የታወቀ መቆሚያ ይኑረው፤ ጩኸቱ ሲበዛበት የሚወጣበት በር ቅርብ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ጸበል ሲጠመቅ በድንገት አይፈሰስበት። በመጀመሪያ ውኃውን በእጁ ይንካው። ማሰርና በግድ መያዝ ፈጽሞ ይቅር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጻረሩ አስተምረዋል። እኛም እናቲቱን ከጸበሉ ጋር ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ወደ ሆስፒታሉ እንላካት።

አራተኛ፣ ሰበካ ጉባኤው በየአጥቢያው ስለ ልጆቻቸው ከቤት የቀሩትን እናቶች ፈልጎ ይጎብኝ። አንዲት ቤተሰብን ብቻ እንኳ ብንመልስ ትልቅ ሥራ ነው።

ጌታችን በኢያሪኮ መንገድ ዓይነ ሥውሩን በርጤሜዎስን ሲያገኘው የሚፈልገውን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም፤ ነገር ግን ከመፈወሱ አስቀድሞ ምን እንዲያደርግለት እንደሚሻ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ እርሱ ከጠየቀ፣ የማናውቀው እኛ ሳንናገርና ሳንጠይቅ እጃችንን ልንዘረጋ አይገባንም።

ያ ልጅ ዛሬ ከእናቱ ጋር ይመጣል። በሰሜን በኩል ካለችው ዓምድ አጠገብ ይቆማል። ካህኑ ከፊቱ ቆመው መስቀሉን ያሳዩታል፤ ይነግሩታል፤ ይጠብቁታል። አንዳንድ እሑድ አይሳለምም። አንዳንድ እሑድ ግን ዓይኑ ከካህኑ እጅ ቀድሞ ወደ መስቀሉ ሲሄድ አያለሁ፤ ከዚያም ራሱ ግንባሩን ያቀርባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።