ሳክስፎኑን ገልብጣችሁ እዩት

(በአምቦ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ "ስለ ሥራህ ተናገር" ሲለኝ ስለ አፈር ምርመራ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። ደመወዜ ከአፈር ነው፤ ቅዳሜና እሑዴ ግን የሳክስፎን ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ሰርጋችሁ ላይ የነፋሁላችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል።

ተማሪ ሳለሁ አባቴ አንድ ጥማድ በሬ ሸጠው በሰጡኝ ገንዘብ አዲስ አበባ ሄጄ አሮጌ ሳክስፎን ገዛሁ። ሰፊው አፉ ላይ ያማረ የፈረንጅ ስም ተቀርጾበታል። ስሙን አይቼ ገዛሁ በሉት። ጉደር ሰርግ ገብተን ከኪቦርዱ ጋር ስንጀምር ታዲያ የእኔ ድምፅ ሽቅብ ወጣ። ማውዝፒሱን ወደ ውጭ ስስበው አንዱ ኖታ ይገጥማል፣ ሌላው ይጣመማል። ሰው ሳቀ። እኔም ጆሮዬን ጠረጠርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ!

ጉዱን የገለጡልኝ ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ናቸው። ስሙን ዞር ብለው አላዩትም። ገለበጡትና ከኋላ፣ አውራ ጣት ከሚያርፍበት አጠገብ፣ መለያ ቁጥሩ ሥር ያለችውን "ኤች" የምትል ፊደል አሳዩኝ። ድሮ በከፍተኛ ቅኝት ይነፋ ለነበረ ባንድ የተሠራ ነው ለካ፤ የዛሬው "ላ" 440 ሲሆን የዚያ 457 ገደማ ነው። ቀዳዳዎቹ የተቀመጡት ለዚያ ቅኝት ስለሆነ መድኃኒት የለውም። "ኤል" ወይም "ኤል ፒ" ካለበት የዛሬው ቅኝት ነው።

ስሙስ? የሱቅ ስም ነበር። በአሜሪካ ኤልክሃርት በምትባል ከተማ ኮን፣ ቡሸርና ማርቲን የተባሉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ነጋዴ ሲያዝዛቸው ሳክስፎኑን ሠርተው የነጋዴውን ስም ይቀርጹበታል። ስለዚህ ሠሪውን የምታገኙት ከገላው ነው። ማርቲን የቀዳዳዎቹን ቀለበት ለብቻ ሠርቶ ይበይዳቸዋል፤ የብየዳው መስመር ከሥራቸው ይታያል። ኮን ከራሱ ከገላው ስቦ ያወጣቸዋል፤ ከኋላውም ብዙ ጊዜ ዲሴምበር 8 ቀን 1914 የሚል ቀንና 1119954 የሚል የፈጠራ መብት ቁጥር አለው። በዚያ ዘመን በራሱ ስም ለሚሸጠው የቀዳዳውን ከንፈር ይጠቀልለዋል፣ ለነጋዴ ለሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀልልም። ልዩነት አለው፤ ቢሆንም መናቅ የለበትም። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ወረቀቱ ቢላጥ ጋዙ ይጠፋል እንዴ? ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያሰማ ስንሰማ የሳክስፎኑን ስም የጠየቀ ከመካከላችን ማን ነው?

ሠሪው ከታወቀ በኋላ ጨለማ ክፍል ግቡ። ትንሽ አምፖል ገላው ውስጥ ከትታችሁ ቁልፎቹን ዝጉ፤ ብርሃን ካመለጠ ፓዱ አልቋል። ፓድ ይቀየራል። ገላው ከተጣመመ ወይም ብየዳው ከለቀቀ ግን ዋጋውን አስቡበት።

ይህን የያዝኩትን ሻጩ "ስም የሌለው ነው" ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ከኋላው 1119954 አለ፣ "ኤል"ም አለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ አምፖሌን ይዤ እዚሁ አለሁ፤ ልጆቻችሁ ሊገዙት ያሰቡት ካለ አምጡት። የመጀመሪያውን ሳክስፎን አልሸጥኩትም፤ ለማን እሸጠዋለሁ? አባቴ እስከ ዛሬ የሁለቱን በሬዎች ስም እየጠሩ ያነሡብኛል።