ይዞታን በሕይወት እያሉ ማስተላለፍ ወይስ በኑዛዜ ማቆየት?



ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና በመስመር ስለ መዝራት ብዙ ተነጋግረናል። የዛሬው ጉዳይ ሌላ ነው። ያለማችሁት ማሳ፣ የተከላችሁት ባሕር ዛፍ፣ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ከእናንተ በኋላ የማን ይሆናል? «ድርሻዬን አሁን ስጡኝ» የሚል ጎጆ የወጣ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመጠቀም መብታችሁ ግን የመሬት ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ሰዎች በስጦታም በውርስም ይተላለፋል። ቤቱና ዛፉ የግል ንብረታችሁ ነው።

ስጦታና ኑዛዜ አንድ አይደሉም። ስጦታ ተጽፎ በመሬት ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ ማሳው ከእጃችሁ ወጥቷል፤ ደብተሩም በልጁ ስም ይሆናል። ቆይቶ ቅር ቢላችሁ ማስመለሱ የፍርድ ቤት ምልልስ ነው። ኑዛዜን ግን እስከ ዕለተ ሞታችሁ ድረስ መሻርም መለወጥም ትችላላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ማሳ ከሄደ በኋላ እኔና ባለቤቴ ከየት እንበላለን?

ሌላ በቂ ማሳ ካላችሁ፣ ልጁም መሬት የሌለውና አብሯችሁ ሲያርስ የኖረ ከሆነ፣ ከፍሎ መስጠት መልካም ነው። ግን ሕጉ ከወሰነው ዝቅተኛ መጠን በታች መክፈል አይቻልም። ያላችሁ አንድ ማሳ ብቻ ከሆነ የእኔ ምክር አትስጡ ነው። ልጁ እንዲያርስ በእኩል ወይም በኪራይ ስጡት፤ ውሉ ይመዝገብ፣ ደብተሩ በእናንተ ስም ይቆይ። ልጁ ይሠራል፣ እናንተም ትበላላችሁ። «እጦራችኋለሁ» ብሎ ከሆነ የሚቀበለው ቃሉ በስጦታው ውል ላይ ይጻፍ። በቃል የቀረ የመጦር ተስፋ ክርክር ሲነሳ ለማስረዳት ያስቸግራል።

ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ካለ አንዱ ብቻውን የጋራውን ሊሰጥ አይችልም። ይህን የምለው ባልየው ብቻ መጥቶ «ጨርሱልኝ» የሚልበት ጊዜ ስላለ ነው።

ኑዛዜን የመረጠ ደግሞ አጻጻፉን ይጠንቀቅ። እኛ ዘንድ የተለመደው በሕመም ጊዜ ለንስሐ አባትና ለሽማግሌ መናገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው በሁለት ምስክሮች ፊት ሆኖ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ነው። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ይፈርሳል። ስለዚህ ማሳ በቃል አይናዘዙም።

ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ መናዘዝ ይችላል። ሌላ ሰው የሚጽፍለት ከሆነ ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም በጣት ያትማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል ቀርታ የሚወድቅ ኑዛዜ አለ። ወራሹን ራሱን ምስክር አታድርጉ።

ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት መናዘዝ አይችሉም፤ ሕጉ ዋጋ አይሰጠውም። ለየብቻ ይጻፉ።

ሴት ልጆችን አትርሱ። በውርስ ከወንዶች እኩል ናቸው። አረብ አገር ሠርታ ቤታችሁን ቆርቆሮ ያለበሰች ልጅ ካለች የእሷን ድካም ሳትመዝኑ አትናዘዙ።

ከምሳ በኋላ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ባለሙያ ጥያቄያችሁን ይቀበላል። ደብተራችሁን ይዛችሁ፣ ባለትዳሮች ሁለታችሁም ሆናችሁ ቅረቡ።