ለረጪዎች በራችንን ለምን እንከፍታለን?

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ንግግር)



የወባ መድኃኒት ረጪዎች ሲመጡ በር የሚዘጋ አለ። «ቤቴ የኔ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?» ይባላል። ጥያቄው አይናቅም፤ ቤት ክብር ነው። እኛም ከኮሚቴው መካከል በር የዘጋን አለን። በጥቅምት የታመመ ልጅ ታቅፈን ጤና ጣቢያ ደጅ ስናድር ነው የገባን። ትንኟ እኮ የኔ፣ የጎረቤቴ ብላ አትለይም። በሽተኛውን ነክሳ ወደ ጤነኛው ትሄዳለች።

ርብና ጉማራ ሞልተው ሲጎድሉ፣ በየማሳው ውሃ ሲያቁር ወባ እንደምትበረታ እናውቃለን። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ የተነሳው ወባ በአገራችን 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ደምቢያም ክፉኛ ተጎድቷል።

የሞተ ሰው ስም አለው፣ ለቅሶ አለው። በመከላከል የዳነው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት የኛው ልጅ ነው። ስላልታወቀ ብቻ ነፍሱ ልትረክስ አይገባም።

ታዲያ ግዴታው የሁለት ወገን ነው። ረጪዎች ቀኑን አስቀድመው ይንገሩን፤ የመድኃኒቱንም ነገር ያስረዱን፤ አራስ ወይም በሽተኛ ላለበት ቤት ተለዋጭ ቀን ይስጡ። በጉልበት ከመግባት በፊት ማስረዳት ይቅደም። እኛ ደግሞ ምግብና ዕቃ እናውጣ፤ የተረጨውን ግድግዳ ወዲያው አንለስን፤ መድኃኒቱ ይሸፈናልና። አጎበሩንም ለሌላ ሥራ አናውለው።

ዕቃ ማውጣት ያታክታል። ሬሳ ከማውጣት ግን ይቀላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ