ስለ «ትዕቢት»ና ስለ «መኮፈስ»



እኛ ተርጓሚዎች ራሱን ያደነቀ ሰው ባጋጠመን ቁጥር «ትዕቢተኛ» ብለን እናልፋለን። ትዕቢት «ዐብየ»፣ ማለትም ትልቅ ሆነ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነውና ሌላውን ማሳነሱ አይቀርም። የተኮፈሰ ሰው ግን ሌላውን ከነጭራሹ ልብ አይለውም፤ ላባዋን ኮፍሳ እንደ ተቀመጠች ዶሮ በራሱ ሙቀት ረክቶ ይኖራል። ራሱን የሚክብ ሰው ይህ ዕረፍት የለውም፤ ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርን ይጠይቃልና ዘወትር ይደክማል። «ተመጻደቀ» ደግሞ ከጽድቅ ተወልዶ ጻድቅ መምሰልን ያመለክታል።

«ኩራት»ን ከእነዚህ ጋር መደባለቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይመስለኛል። አባት ልጁን «ኮራሁብህ» የሚለው ሲመርቀው ነው። እኔ ራሴ በአንድ ትርጉሜ ውስጥ ኩሩውን ሽማግሌ «ትዕቢተኛ» ብዬ አሳትሜአለሁ፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል።